ቅርብ ነው ብላችሁ መሸኛ ሳታወጡ እንዳትሄዱ

(በቀድሞ ተማሪዎች ማኅበራችን የመገናኛ በዓል ላይ የቀረበ ንግግር)



አዘጋጅ ኮሚቴው ደውሎ «ንግግር አድርጊልን» ሲለኝ ስለ ስኳር ወይም ስለ ደም ግፊት እንድናገር የተፈለገ መስሎኝ ነበር። «የለም፣ ለእሱ መምህሮቻችን አሉ፤ አንቺ ከጣሊያን ወደ ስዊዘርላንድ እንዴት እንደገባሽ ንገሪን» አሉኝ። መጀመሪያ ገረመኝ። ኋላ ግን ገባኝ። ከዚህ ግቢ ወጥተን ጣሊያን የገባን፣ ሠርተን ዜግነት ያገኘን ጥቂት አይደለንም። የጣሊያን ፓስፖርት የያዘ ሰው ደግሞ ይዋል ይደር እንጂ ዓይኑ ወደ ሰሜን ያያል። እኔ ዘንድ በየሳምንቱ የሚደወለው ስልክ አንድ ዓይነት ነው፤ «ዶክተር፣ ቲቺኖ እንዴት ነው? ገብቶ መኖር ይሻላል ወይስ መመላለስ?»

ስለዚህ ዛሬ ለሁላችሁም አንድ ላይ ልመልስ። መምህሮቻችንም ታገሱኝ፤ መጨረሻ ላይ ወደ እናንተ የምመጣበት ጉዳይ አለኝ።

እኔ የ1996 ዓ.ም. ምሩቅ ነኝ። የአገልግሎት ግዴታዬን ገጠር ጨርሼ፣ በትዳር ምክንያት ጣሊያን ገባሁ። ሎምባርዲያ ውስጥ ዲግሪዬን አሳውቄ፣ ዓመታት ሠርቼ፣ ዜግነት አግኝቼ ስኖር ባለቤቴ ሉጋኖ ሥራ አገኘ። እኔ፣ ባለቤቴ፣ ሁለት ልጆቻችንና እናቴ ሆነን እ.ኤ.አ. በመስከረም 2021 መጀመሪያ፣ በኛ ነሐሴ መጨረሻ፣ ድንበሩን ተሻገርን።

አገሯ ትንሽ ናት። ስፋቷ 41 ሺህ ካሬ ኪሎ ሜትር፣ ሕዝቧ 9 ሚሊዮን ገደማ ነው። ኢትዮጵያ ውስጥ ከ25 ጊዜ በላይ ትገባለች። ከ26ቱ ካንቶኖች መካከል ጣሊያንኛ ብቻ የሚሠራበት አንድ ነው፤ እሱም ቲቺኖ። ነዋሪው ከ350 ሺህ ትንሽ ቢበልጥ ነው። ከጣሊያን በየቀኑ ለሥራ ድንበር የሚያቋርጠው ግን ወደ 80 ሺህ ይጠጋል። ከኮሞ ተነስቶ ኪያሶ መግባት ቡና ጠጥቶ እንደመጨረስ ነው። ከሚላን ሉጋኖ በባቡር አንድ ሰዓት ከሩብ ገደማ ይፈጃል።

ችግሩም ይኸው ነው። ቅርበቱ ያታልላል። ቋንቋው ያው፣ ቡናው ያው፣ ሰዉም የሚመስለው ያው። እኔ በበኩሌ ሠፈር የቀየርኩ ነበር የመሰለኝ። ግን ስዊዘርላንድ የአውሮፓ ኅብረት አባል አይደለችም። ጣሊያናዊ እዚያ የመኖርና የመሥራት መብት የሚያገኘው እ.ኤ.አ. በ1999 ተፈርሞ በ2002 ሥራ ላይ በዋለው የሰዎች ነፃ ዝውውር ስምምነት ነው። ስምምነቱ በሩን ይከፍታል እንጂ በሩ ላይ የሚጠየቀውን ወረቀት አያስቀርም። ወረቀቱ ሁሉ ደግሞ የቀን ገደብ አለው። ቋንቋው ራሱ እንኳን ያው አይደለም። ሞባይላቸው «ናቴል» ነው። ሱቅ ውስጥ «አትሲዮኔ» የሚል ተለጥፎ ሳይ አክሲዮን የሚሸጡ መስሎኝ ነበር፤ የዋጋ ቅናሽ ኖሯል።

እንግዲህ በቅደም ተከተል ልሂድ።

የመጀመሪያው ውሳኔ ገብቶ መኖር ነው ወይስ መመላለስ የሚለው ነው። የሥራ ውል ያለው ጣሊያናዊ ሁለቱንም ማድረግ ይችላል። ውሉ አንድ ዓመትና ከዚያ በላይ ከሆነ «ቢ» የሚባለውን የ5 ዓመት የመኖሪያ ፈቃድ ያገኛል። ከዓመት በታች ከሆነ «ኤል» የተባለው አጭሩ ነው። ጣሊያናውያን 5 ዓመት ከኖሩ በኋላ «ሲ»ን፣ ማለትም ቋሚውን መጠየቅ ይችላሉ። ጣሊያን እየኖረ የሚመላለስ ደግሞ «ጂ» ይይዛል፤ ቢያንስ በሳምንት አንዴ ወደ ቤቱ መመለስ አለበት።

ድሮ መመላለስ የሚያዋጣበት ትልቁ ምክንያት ግብር ነበር። ድንበሩ አጠገብ የሚኖር ተመላላሽ የሚከፍለው ለስዊዘርላንድ ብቻ ነበር። አሁን ተቀይሯል። ሁለቱ አገሮች በታኅሣሥ 2020 የፈረሙት አዲስ ስምምነት እ.ኤ.አ. ሐምሌ 17 ቀን 2023 ጸንቶ፣ ከ2024 መጀመሪያ ጀምሮ ይሠራበታል። ከዚያ ቀን በኋላ አዲስ ተመላላሽ የሆነ ሰው ስዊዘርላንድ ከመደበኛው ግብር እስከ 80 በመቶውን ትወስድበታለች፤ ጣሊያንም በራሷ ሕግ ታሰላና እዚያ የከፈለውን ታቀናንስለታለች። አሮጌዎቹ ተመላላሾች በአሮጌው ደንብ ይቀጥላሉ። ስለዚህ «ጎረቤቴ ከአሥር ዓመት በፊት እንዲህ ነበር ያደረገው» የሚል ምክር አትስሙ። የጎረቤት ምክር ጊዜው አልፎበታል።

ገብቶ ለመኖር የወሰነ ሰው በገባ በ14 ቀን ውስጥ፣ ሥራም ሳይጀምር፣ ኮሙኔ ሄዶ መመዝገብ አለበት። ኮሙኔ ማለት የኛ ቀበሌ በሉት። የሥራ ውል፣ የቤት ኪራይ ውል፣ ፓስፖርት ወይም መታወቂያ፣ የጋብቻና የልጆች ልደት ማስረጃ ይዛችሁ ሂዱ።

እዚህ ላይ ብዙ ሰው የሚረሳውን ልንገራችሁ። እኛ አገር ከቀበሌ ወደ ቀበሌ ስንዛወር መጀመሪያ የምንለው ምንድን ነው? መሸኛ! መሸኛ ሳይዝ የሄደ ሰው እዚያም የለም፣ እዚህም የለም። ጣሊያንም መሸኛ አላት፤ «አይሬ» ትባላለች። በ1988 በወጣ ሕግ የተቋቋመ፣ ውጭ አገር የሚኖሩ ጣሊያናውያን መዝገብ ነው። ከ12 ወር በላይ ውጭ ለመኖር የወጣ ሰው በ90 ቀን ውስጥ በቆንስላው በኩል መመዝገብ አለበት፤ ለኛ ሉጋኖ ያለው ቆንስላ ነው። ሳይመዘገብ የቆየ ሰው ከ2024 ወዲህ ለእያንዳንዱ ዓመት ከ200 እስከ 1,000 ዩሮ፣ እስከ 5 ዓመት ድረስ ሊቀጣ ይችላል። ከቅጣቱም የሚከፋ አለ፤ የጣሊያን ግብር ሰብሳቢ አሁንም እዚያ እንደምትኖሩ ቆጥሮ ሊጠይቃችሁ ይችላል።

ታዲያ ሰው ለምን አይመዘገብም? የቤተሰብ ሐኪሙን ላለማጣት ነው። አይሬ የገባ ሰው ጣሊያን ያለው የቤተሰብ ሐኪሙ ይሰረዝበታል። «ካርዴን ይዤ ልቆይ፣ ምናልባት ብታመም ኮሞ እታከማለሁ» ይላል። ይህን የምለው ሰው ለማማት አይደለም። እኔ ራሴ፣ ሐኪሟ፣ በእናቴ ላይ ያደረግሁት ነው።

ስዊዘርላንድ ነዋሪ የሆነ ሁሉ በገባ በ3 ወር ውስጥ የጤና መድን መግባት አለበት። ሕጉ ከ1996 ጀምሮ ይሠራል። መድኑን የሚሰጡት «ካሳ ማላቲ» የሚባሉ ድርጅቶች ናቸው። ክፍያው ከጣሊያን ጋር አይገናኝም፤ ከደመወዝ ጋር የተያያዘ አይደለም፣ ለቤተሰብ አንድ ተብሎም አይገባም። እያንዳንዱ ሰው፣ አራስ ልጅ ሳይቀር፣ ለብቻው በየወሩ ይከፍላል። ቲቺኖ ደግሞ ወርሃዊ ክፍያው ከአገሪቱ ውድ ከሚባሉት ካንቶኖች አንዱ ነው።

እኛ በገባን በመጀመሪያው ወር የባለቤቴ መሥሪያ ቤት ስላሳሰበን እሱን፣ ራሴንና ልጆቹን አስገባሁ። እማዬን ተውኳት። «ጣሊያን ትመላለሳለች፣ የጣሊያን የጤና ካርዷ አላት፣ ቀስ ብለን እናያለን» አልኩ። ሰባ ያለፋት፣ ስኳርና ግፊት ያለባት ሴት ናት። አስቡት፤ ቤቱ ውስጥ መድን በጣም የሚያስፈልገውን ሰው ነው «ቀስ ብለን» ያልኩት።

የኅዳር ሚካኤል ዋዜማ ለጸበል ጸዲቅ የሚሆን ነገር ልታወጣ ወደ ምድር ቤቱ ስትወርድ ደረጃ ላይ ወደቀች። ስደርስ እግሯ አጥሮ ወደ ውጭ ዞሯል። ይህን ለናንተ ማብራራት አያስፈልገኝም። ኤክስሬይ ሳላይ አወቅሁት፤ የዳሌ ስብራት ነው። 144 ደወልን፣ አምቡላንስ መጣ።

ሆስፒታሉ መግቢያ ላይ የተቀመጠችው ሴት «የእናትዎ ካሳ ማላቲ የቱ ነው?» አለችኝ። የጣሊያን ካርዷን አወጣሁ። ሴትየዋ አየችው፣ ከዚያ እኔን አየችኝ። «ሲኞራ፣ እናትዎ የሚኖሩት እዚህ ነው አይደል? ነዋሪ ከሆኑ ይህ ካርድ አይሠራም» አለችኝ። እግሬ ከዳኝ። ቀዶ ጥገና፣ አልጋ፣ ፊዚዮቴራፒ፤ በፍራንክ ሲታሰብ የምንችለው አልነበረም። እማዬ አልጋው ላይ ሆና ሁሉንም ባይገባትም ፊቴን አይታ «ልጄ፣ ገንዘብ አስወጣሁሽ አይደል?» አለችኝ። ያንን ቃል እስከዛሬ አልረሳውም።

ያቺ ሴት ግን ቆጠረች። የገባንበትን ቀን ጠየቀችኝና በጣቷ ቆጠረች። 80ኛው ቀን ነበር። «አሥር ቀን አለዎት፤ ዛሬውኑ ያስገቧቸው» አለችኝ። ደንቡ እንዲህ ነው፤ በ3ቱ ወር ውስጥ የተመዘገበ ሰው ሽፋኑ ወደ ኋላ ሄዶ ነዋሪ ከሆነበት ቀን ይጀምራል፣ ክፍያውም ከዚያ ቀን ጀምሮ ይከፈላል። ካለፈ ግን ሽፋኑ የሚጀምረው ከተመዘገበበት ቀን ነው፤ በዚያ ላይ የመዘግየት ጭማሪ አለበት። መሠረታዊውን መድን ደግሞ የትኛውም ድርጅት «አርጅተዋል፣ በሽታ አለብዎት» ብሎ ሊከለክል አይችልም።

ማታውኑ ፎርሙን መሙላት ጀመርኩ። የባለቤቴን ፎርም ከጎን አስቀምጬ ነበር የምገለብጠው። የሱ ላይ «አደጋን አይጨምርም» የሚለው ሣጥን ምልክት ተደርጎበታል፤ እኔም የእማዬ ላይ አደረግሁ። ጠዋት ስወስደው ያችው ሴት እንደገና አስቆመችኝ፤ «ሲኞራ፣ እናትዎ እኮ የወደቁት በአደጋ ነው!» አለች። በሳምንት 8 ሰዓትና ከዚያ በላይ ለአንድ ቀጣሪ የሚሠራ ሰው ከሥራ ውጭ ለሚደርስበት አደጋ በቀጣሪው በኩል ዋስትና አለው፤ ስለዚህ ከጤና መድኑ ላይ አደጋን ያስቀንሳል። የማይሠራ ሰው፣ እናት፣ ልጅ፣ ሥራ ፈላጊ የትዳር ጓደኛ፣ አደጋን ማስቀነስ የለበትም። እኔም ያን ጊዜ ሥራ አልነበረኝም። ቤት ገብቼ ሳይ የራሴንና የልጆቼንም እንደዚያው አድርጌ ሞልቼዋለሁ። ለሁለት ወር ተኩል ያህል ልጆቼ ለአደጋ ሽፋን ሳይኖራቸው በብስክሌት ሲሮጡ ነበር ማለት ነው።

እግዚአብሔር ይመስገን፣ እማዬ ቀዶ ጥገናዋን አድርጋ ዛሬ በከዘራ ትሄዳለች። ሒሳቡም ተሸፈነ። አምቡላንሱ ግን ሙሉ በሙሉ አልተሸፈነም። መሠረታዊው መድን ለሕክምና ማጓጓዣ የሚከፍለው ግማሹን ብቻ ነው፣ እሱም በዓመት ከ500 ፍራንክ አይበልጥም። ጥርስም በአብዛኛው አይሸፈንም። ይህን ቀድሞ ማወቅ ነው።

አንድ ነገር ልጨምር፤ ፍራንኪጂያ የሚባል አለ። መድኑ መክፈል ከመጀመሩ በፊት በዓመት ከራሳችሁ ኪስ የምታወጡት ነው። ለአዋቂ ከ300 እስከ 2,500 ፍራንክ ድረስ ትመርጣላችሁ፤ ከፍ ባለ ቁጥር ወርሃዊው ክፍያ ይቀንሳል። ከዚያ በላይ ካለው ወጪ ደግሞ 10 በመቶውን፣ በዓመት እስከ 700 ፍራንክ ትከፍላላችሁ። ጤነኛ ጎረምሳ 2,500 ቢመርጥ አልፈርድበትም። ስኳር ላለባት እናት ግን 300 ነው፤ ወርሃዊው ረከሰ ብላችሁ አትሞኙ። ድርጅት መቀየር ለሚፈልግ የስንብት ደብዳቤው በፈረንጅ እስከ ኖቬምበር 30 መድረስ አለበት። ተመላላሽ ሠራተኞች ደግሞ በ3 ወር ውስጥ የስዊዝን ወይም የጣሊያንን የጤና ሥርዓት ይመርጣሉ፤ የተመረጠው በቀላሉ አይቀየርም፣ አስባችሁ ምረጡ።

እማዬ እንዴት ገባች ለምትሉኝ፤ ነፃ ዝውውሩ የጣሊያናዊው የትዳር ጓደኛንና ልጆችን ብቻ ሳይሆን የሚጦራቸውን ወላጆችም ያካትታል። ዜግነታቸው ኢትዮጵያዊ ቢሆንም ማለት ነው። ግን እንደምትጦሯቸው ማስረጃ፣ ለሁሉም የሚበቃ ቤትም ያስፈልጋል።

አሁን ወደ ሙያችን ልምጣ። ጣሊያን ውስጥ የተማረ ጣሊያናዊ ሐኪም ዲግሪው በርን ባለው የሕክምና ሙያዎች ኮሚሽን፣ ሜቤኮ በሚባለው፣ በቀጥታ ይታወቅለታል። የኛ ግን እንደዚያ አይደለም። ፓስፖርታችን ጣሊያናዊ ሆነ እንጂ ዲግሪያችን ጣሊያናዊ አልሆነም! ጣሊያን ዲግሪያችንን አወቀችው ማለት ስዊዘርላንድ አወቀችው ማለት አይደለም። ያወቀው አገር ውስጥ 3 ዓመት በሐኪምነት ሠርታችሁ ማስረጃውን ስታቀርቡ ነው መንገዱ የሚከፈተው። ስለዚህ ጣሊያን ዲግሪያችሁ ታውቆ አንድ ዓመት የሠራችሁ ልጆች፣ እባካችሁ አትቸኩሉ፤ 3ቱን ዓመት ሙሉ።

እኔ ከ3 ዓመት በላይ ሠርቼ ነበር። ግን በምን ዓይነት ውል? የስድስት ወር እዚህ፣ የሦስት ወር የሌሊት ተረኝነት እዚያ፣ የወሊድ ፈቃድ ምትክ ሌላ ቦታ። ከእያንዳንዱ ቀጣሪ የተጀመረበትና ያለቀበት ቀን፣ የሥራው ዓይነትና መጠን የተጻፈበት ደብዳቤ ያስፈልጋል። እኔ ሳልሰበስብ ወጣሁ። ሰባት ወር ቤት ተቀመጥኩ። ጥፋቱ የማንም አይደለም፣ የኔ ነው። ሥራ በለቀቃችሁ ቀን ደብዳቤውን ይዛችሁ ውጡ።

በግል ለመሥራት ለሚያስብ ደግሞ ሌላ ደጅ አለ። ከካንቶኑ የሥራ ፈቃድ በተጨማሪ፣ ከጥር 2022 ጀምሮ መሠረታዊውን መድን ለማስከፈል የሚፈልግ ሐኪም በሙያ ዘርፉ ዕውቅና ባለው የስዊዝ ማሠልጠኛ ተቋም 3 ዓመት መሥራት አለበት። ክሊኒክ ከፍቼ ወዲያው ሕመምተኛ እቀበላለሁ ብላችሁ ቤት እንዳትከራዩ።

ስለ ቤት ካነሳሁ፤ ከዕዳ ነፃ መሆናችሁን የሚያሳይ ወረቀት ይጠይቃሉ። መያዣው ከ3 ወር ኪራይ አይበልጥም፣ የሚቀመጠውም በእናንተ ስም በተዘጋ የባንክ ሒሳብ ነው፤ አከራዩ እጅ ላይ ጥሬ ገንዘብ አትስጡ። በብዙ ሕንፃ ውስጥ የልብስ ማጠቢያው የጋራ ነው፣ ተራም አለው። የኔ ተራ ማክሰኞ ነው። ማክሰኞ ያላጠበ እስከሚቀጥለው ማክሰኞ ይጠብቃል። ቆሻሻም ቀረጥ በተከፈለበት ከረጢት ካልሆነ አይወሰድላችሁም።

ዕቃ ስታስገቡ ቢያንስ 6 ወር የተጠቀማችሁበት የቤት ዕቃ ከቀረጥ ነፃ ነው። ዝርዝሩን ጽፋችሁ፣ ፎርም 18.44 የሚባለውን ሞልታችሁ ድንበሩ ላይ ታቀርባላችሁ፤ መኪናም በዚሁ ይገባል። እኔ በዝርዝሩ ላይ «የኤሌክትሪክ ምጣድ» ብዬ ጽፌ ጉምሩኩ ክዳኑን ከፍቶ «የፒዛ ነው?» አለኝ። «የፒዛ አባት ነው» አልኩት፣ ስቆ አሳለፈኝ። ሶኬታቸው ከጣሊያን ይለያል፤ መቀየሪያ ያዙ። በርበሬና ሽሮ ከሚላን ፖርታ ቬኔሲያ እያመጣን እንበላለን፤ ሥጋ ግን ከቀረጥ ነፃ ለአንድ ሰው በቀን 1 ኪሎ ብቻ ነው። የበዓል በግ ጭኖ መግባት አይቻልም! መንጃ ፈቃድም በ12 ወር ውስጥ መቀየር አለበት።

ስለ ጡረታ ባጭሩ። ጣሊያን የከፈላችሁት ወደ ስዊዘርላንድ አይዘዋወርም፣ አይጠፋምም። መብቱ ሲታሰብ ዓመታቱ ይደመራሉ፤ እያንዳንዱ አገር የራሱን ድርሻ ይከፍላል። ስለዚህ የደመወዝ ወረቀታችሁን አትጣሉ። ከመሥሪያ ቤት በኩል የሚጠራቀመው ሁለተኛው የጡረታ ምሰሶም ወደ ጣሊያን የሚመለስ ሰው ግዴታ የሆነውን ክፍል በጥሬ ገንዘብ እንደልቡ የሚያወጣው አይደለም። «አምስት ዓመት ሠርቼ ሁሉንም ይዤ እመለሳለሁ» የሚል ዕቅድ ያላችሁ፣ ዕቅዱን እንደገና አስሉት።

እንግዲህ «ይሻላል ወይ?» ለሚለው ጥያቄ። ደመወዙ ከጣሊያን ይበልጣል፤ ወጪውም ይበልጣል። የአምስት ሰው የጤና መድን፣ ኪራይና ግብር ወጥቶ የሚቀረውን ሳታስሉ አትወስኑ። እኛ አስልተን ሳይሆን ሄደን ነው ያወቅነው። ተርፎናል፣ አልዋሽም። ግን በአሥር ቀን ልዩነት ነው የተረፍነው።

አሁን ወደ መምህሮቻችን ልመለስ።

ጣሊያን ውስጥ ባልደረቦቼ ሲያማርሩ እሰማ ነበር፤ «ነርሶቻችንና ሐኪሞቻችን ድንበር እየተሻገሩ ዋርዱ ባዶ ቀረ» ይላሉ። አፌን ይዤ እሰማቸዋለሁ። እኔስ የማንን ዋርድ ባዶ አድርጌ መጣሁ? ገጠር ሳገለግል የነበረበት ጤና ጣቢያ ከኔ በኋላ ለስንት ጊዜ ሐኪም እንዳልነበረው አላውቅም፤ ለመጠየቅም ፈርቻለሁ። ይህን ሳልናገር ስለ ስዊዘርላንድ ብቻ አውርቼ ብወርድ ለናንተ ለአስተማሪዎቼ ሐቀኛ አልሆንም።

ግን አንድ ነገር አይቻለሁ። ከኛ ባች አንድ ልጅ ነበር፤ እጁ ለቀዶ ጥገና የተፈጠረ የምንለው። ጣሊያን ሲገባ የያዘው ዲግሪውን ብቻ ነው። ለማሳወቅ የሚጠየቀው ግን ሌላም አለ፤ የየኮርሱ ይዘትና ሰዓት፣ ሙሉ የውጤት መግለጫ፣ አገር ቤት የመሥራት መብትና የሥነ ምግባር ማስረጃ፣ ትርጉሙ፣ ከዚያም አዲስ አበባ ካለው የጣሊያን ኤምባሲ የሚሰጠው የዲግሪ ማረጋገጫ። እዚያ ሆኖ ይህን ማሟላት አቃተው። ስድስት ዓመት ሽማግሌ ሲያጥብና ሲመግብ ኖረ። ክቡር ሥራ ነው፤ ግን ያ ልጅ ሐኪም ነበር። ለኛም ለጣሊያንም ሳይሆን ቀረ። አገር ቤት ልመለስ ቢልም፣ ስድስት ዓመት ሕመምተኛ ያልነካ ሰው በምን ፊቱ ይመለስ?

ስለዚህ የምለምናችሁ ይህን ነው። ተማሪው ሲመረቅ ከዲግሪው ጋር የየኮርሱን ይዘትና ሰዓት የያዘ፣ ማኅተም ያለበት ሰነድ ይሰጠው። «ይህማ መሄጃውን ማቅለል ነው» የሚል መምህር ይኖራል፤ አይቻለሁ፣ አንዳንዶቻችሁ ራሳችሁን እየነቀነቃችሁ ነው። እኔ ግን የማውቀው፣ ወረቀት የሌለው ሰውም ይሄዳል። ልዩነቱ ሐኪም ሆኖ መኖር አለመኖሩ ነው። ወረቀቱን ሞልቶ በሙያው የቆየ ሰው መመለሻም አለው፤ ለአንድ ወር ለማስተማር፣ ለአንድ ዓመት ለማገልገል፣ ወይም ለሁልጊዜ። ወረቀት በአንድ አቅጣጫ ብቻ አይሄድም። መሸኛ እኮ ለመመለሻም ያገለግላል።

የኔ የኮርስ ዝርዝር የተገኘው የሬጅስትራሩ አንድ አዛውንት ሠራተኛ መዝገብ ቤት ገብተው፣ አቧራ አራግፈው፣ በእጃቸው ስለገለበጡልኝ ነው። ገንዘብ ልስጥ ብል «ይልቅ ስትመጪ ለልጆቹ ንገሪያቸው፣ ሳይወስዱ እንዳይወጡ» አሉኝ። ዛሬ እየነገርኳችሁ ነው።

ከሻይ በኋላ ፎርም የያዘ ካለ ወደኔ ይምጣ፤ አብረን እንሞላለን። የአደጋውን ሣጥን ግን ሁለት ጊዜ ነው የማየው።